«ሁሉም አለው» የሚለውን ጭቅጭቅ በጋራ የመለሰች ከተማ

«እማዬ፣ ክፍላችን ውስጥ ስልክ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም አለው።»

የአስር ዓመት ልጅ ይህን ሲል ወላጅ ምን ይመልሳል? እውነት ይሁን አይሁን ማጣራት አይቻልም። የሠላሳ ልጅ ቤት እያንኳኳ የሚጠይቅ የለም። ልጁም እየዋሸ ላይሆን ይችላል። አብረውት የሚጫወቱት ሦስት ልጆች ከያዙ፣ ለእሱ «ሁሉም» ማለት እነሱ ናቸው። ወላጅ አንድ ሳምንት ይከራከራል። አንድ ወር ይታገሣል። መጨረሻ ላይ «ልጄ ከሰው አይነስ» ብሎ ይገዛል። በማግስቱ የእሱ ልጅ ደግሞ ለሌላው ልጅ ማስረጃ ይሆናል። «ይኸው እሱም ተገዛለት!»

ዛሬ የምጽፈው ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ስለተነሳች አንዲት ከተማ ነው። ግሬይስቶንስ ትባላለች። አየርላንድ ውስጥ ከደብሊን በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ዊክሎው በሚባለው አውራጃ ባሕሩ ዳር ትገኛለች። 22 ሺህ ያህል ሕዝብ ይኖርባታል። የደብሊን የከተማ ባቡር የመጨረሻ ፌርማታም ናት።

እ.ኤ.አ. በ2023 በግሬይስቶንስና ከእሷ ጋር በተያያዘችው ዴልጋኒ የሚገኙ የስምንት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጅ ማኅበራት አንድ ነገር ተስማሙ። ልጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ እስኪገቡ ድረስ ስማርት ስልክ አንገዛላቸውም አሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። ቤትም፣ ሰፈርም፣ የትም።

ሕግ አላወጡም። ቅጣት የለበትም። የሚያስፈጽመው ፖሊስ የለም። በፈቃደኝነት የገቡት ቃል ነው። እኔን የሳበኝም ይኸው ነው። ቅጣት የሌለው ቃል እንዴት ከአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ወጥቶ እስከ ሚኒስትሮች ጠረጴዛ ደረሰ?

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

መነሻው ኮቪድ ነው ማለት ይቻላል። የአየርላንድ ትምህርት ቤቶች መጋቢት 2020 ተዘጉ። ልጆች ቤት ዋሉ። ትምህርቱ በስክሪን፣ ጨዋታው በስክሪን፣ ጓደኛውም በስክሪን ሆነ። በዚያን ጊዜ ስልክና ታብሌት የሰጠ ወላጅ ምንም ጥፋት የለበትም። ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ችግሩ ትምህርት ቤት ሲከፈት ስልኩ ወደ መሳቢያው አልተመለሰም።

በከተማዋ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ቅዱስ ፓትሪክ ይባላል። ርዕሰ መምህርቷ ሬቸል ሃርፐር ልጆቹ ከኮቪድ ሲመለሱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ጭንቀት በዝቷል። ስማርት ስልክ የሚጠይቁት ልጆች ዕድሜ ደግሞ እየወረደ ዘጠኝ ዓመት ደርሷል። ዘጠኝ ዓመት ማለት እኛ ዘንድ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ነው። የጥርስ ለውጡ ራሱ ገና ያላለቀ ልጅ።

ሃርፐር ብቻቸውን አልተነሡም። የሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን አብረዋቸው ቆሙ። ወላጆችን ጠየቁ፣ ሰበሰቡ፣ አወያዩ። ለንቅናቄው የሰጡት ስም «መንደር ያስፈልጋል» የሚል ትርጉም ያለው ነው። ልጅ ለማሳደግ መንደር ያስፈልጋል ከሚለው፣ ዓለም የአፍሪካ አባባል ነው ከሚለው ንግግር የተወሰደ ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። እኛ ያደግነው እንደዚያ ነበር። መንገድ ላይ ያጠፋን ልጅ የሚቆጣው ያገኘው ሰው ሁሉ ነበር፤ ቤት ስንደርስም ወሬው ቀድሞን ይጠብቀናል። አሁን ግን ልጁ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘግቶ ከማን ጋር እንደሚያወራ እናቱም አታውቅም።

ብዙ የአየርላንድ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በፊትም ልጆች በትምህርት ሰዓት ስልክ እንዳይጠቀሙ ይከለክሉ ነበር። ታዲያ ሌላ ስምምነት ለምን አስፈለገ? መምህራን መልሱን ያውቁታል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በዋትስአፕ ግሩፕ የተጀመረ ስድብ ጠዋት ክፍል ውስጥ ይገባል። ስልኩ በር ላይ ቢቀመጥም፣ ሌሊት ያልተኛው ልጅ ግን ክፍል ገብቶ ያንቀላፋል።

የአገሪቱ አኃዝም አስደንጋጭ ነበር። ሳይበርሴፍ ኪድስ የሚባል የአየርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ ተማሪዎችን ይጠይቃል። በእነዚያ ዓመታት ባወጣቸው ሪፖርቶች ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ከሆነ ልጆች መካከል ከ10ሩ ከ9 በላይ የሚሆኑት ኢንተርኔት የሚገባበት የራሳቸው መሣሪያ ነበራቸው። ከ10ሩ ከ8 በላይ የሚሆኑት ደግሞ የራሳቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ወይም የመልእክት መለዋወጫ አካውንት ነበራቸው። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ከ13 ዓመት በታች አይፈቀድም ይላሉ። ልጁ የትውልድ ዓመቱን ቀይሮ ይሞላል። አለቀ።

ሃምሳ ሎሚ

አንድ ጎረቤት አለችኝ። ልጆቻችን እኩያ ናቸው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኝተን ጠየቅኋት።

«ለአቡሽ ስልክ ገዛሽለት እንዴ?»

«ኧረ እኔ የት አባቴ! የኔኑ ነው የሚነካካው። ግን ያንቺ ልጅ አለው እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ።»

የኔ ልጅ የለውም። የኔ ልጅ ደግሞ ለወራት «አቡሽ እኮ አለው» ሲለኝ ነበር። ሁለታችንም ልንሸነፍ አንድ ሐሙስ ነበር የቀረን። አንድ ደረጃ የምንወጣ ሰዎች ሆነን አልተነጋገርንም ነበር።

የግሬይስቶንስ ጉዳይ ዋናው ቁም ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ወላጆቹ ስልክ ለትንሽ ልጅ እንደማይበጅ ቀድሞም ያውቁ ነበር። ምክር አልጎደላቸውም። የጎደላቸው አጠገባቸው የሚቆም ሰው ነበር። ብቻውን «አይሆንም» የሚል ወላጅ ዋጋውን ልጁ ይከፍላል። ልጁ ከግሩፑ ይቀራል፣ ልደት ሲጠራ አይሰማም፣ ቀልዱ አይገባውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወላጅ ለልጁ አዝኖ ይገዛል። እያንዳንዱ ባዘነ ቁጥር ደግሞ የሁሉም ልጅ ይጎዳል።

የኛ ሰው ይህን በአንድ አባባል ጨርሶታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። «አይሆንም» የሚለው ቃል ለአንድ እናት ከባድ ሸክም ነው። የክፍሉ ወላጅ ሁሉ አንድ አንድ ከያዘው ግን ልጁ የሚጠቅሰው ጓደኛ ያጣል። ክርክሩ ያኔ ይቀላል።

ስምምነቱ ምን ነበረው?

ዝርዝሩን ስመለከት በደንብ የታሰበባቸው ነገሮች አየሁ።

አንዱ ሁሉም መግባታቸው ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ቢያደርገው ኖሮ ልጁ የሌላው ትምህርት ቤት ተማሪ የሆነውን የአክስቱን ልጅ ይጠቅስ ነበር። ኳስ ሜዳ የሚያገኘው ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት ነው። ሰንበት ትምህርት የሚያገኘው ከሌላ ነው። የአንድ አካባቢ ስምንት ትምህርት ቤቶች አብረው ሲገቡ ቀዳዳው በጣም ይጠባል።

ሌላው መስመሩ ግልጽ ነው። «በመጠኑ ይጠቀሙ» አላሉም። መጠን ማለት ማታ ማታ የሚደረግ ድርድር ነው። ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ፣ አንዴ ይቺን ብቻ። እነሱ ያሉት ሁለተኛ ደረጃ እስክትገባ ነው። አየርላንድ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ስምንት ዓመት ነው፤ ልጁ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ ገብቶ በ12 ዓመት ገደማ ይጨርሳል። የአምስት ዓመት ሕፃንም ይህን ቀን ይረዳዋል። «ትልቁ ትምህርት ቤት ስትገባ» ትለዋለህ።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ቃሉ የወላጆች መሆኑን ነው። ርዕሳነ መምህራኑ ገፋፉ፣ አስተባበሩ። ቃሉን የገቡት የወላጅ ማኅበራቱ ናቸው። ትምህርት ቤት ትእዛዝ ቢያወጣ ወላጅ በር ላይ ያከብራል፣ ቤቱ ሲገባ ይረሳዋል። ራሱ እጁን አውጥቶ የተስማማበትን ግን በጎረቤቱ ፊት ማፍረስ ይከብደዋል። እድር ያለው ሰው ይህን ለማንም ሳይነገረው ያውቃል። እድር የሚያስቀጣው ትንሽ ብር ነው። ሰውን ለቅሶ ቤት የሚያደርሰው ግን ብሩ አይደለም።

የፈለገ ወላጅ መግዛት ይችላል። ማንም አይከለክለውም። ስልክ የገዙ ወላጆችን ማሳፈር የስምምነቱ ዓላማ አልነበረም። ይህም ብልህነት ነው። የተሸማቀቀ ወላጅ ስብሰባ አይመጣም።

ባቡሩ የሚነሣበት ከተማ

ስለ ግሬይስቶንስ ሳስብ ከአእምሮዬ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። ባቡሩ ወደ ደብሊን ይወስዳል አልኩ። ደብሊን ደግሞ የጉግል፣ የሜታና የቲክቶክ የአውሮፓ ዋና መሥሪያ ቤቶች ከተማ ናት። ልጆቹን ስክሪን ላይ የሚያቆየው ሥራ በከፊል የሚሠራው እዚያው፣ በባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

በዚህ ምክንያት የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን ለመላው አውሮፓ ኅብረት የእነዚህ ኩባንያዎች ዋና ተቆጣጣሪ ነው። መስከረም 2022 የኢንስታግራም ባለቤት የሆነውን ሜታን የልጆችን መረጃ አያያዝ በተመለከተ 405 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በዓመቱ፣ መስከረም 2023፣ ቲክቶክን በተመሳሳይ ጉዳይ 345 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። አንዱ ጥፋት የልጆች አካውንት ሲከፈት ለማንም ክፍት ሆኖ መከፈቱ ነበር። ልጁ ራሱ ካልቀየረው በቀር የሚለጥፈውን ቪዲዮ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል ማለት ነው።

ትልቅ ቅጣት ነው። ግን ተመልከቱ። የቲክቶኩ ጥፋት የተፈጸመው በ2020 ነው። ውሳኔው የመጣው ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። በ2020 ዘጠኝ ዓመቱ የነበረ ልጅ ውሳኔው ሲሰማ 12 ዓመቱ ነው። ሕግ ያስፈልጋል፣ ተቆጣጣሪም ያስፈልጋል። ልጅ ግን ፍርድ ቤት እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ ያድጋል። የግሬይስቶንስ ወላጆች የሠሩት ሥራ ለእኔ ትልቅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የራሳቸውን ልጅ ልጅነት ለዶሴ ቀጠሮ አልሰጡትም።

መንግሥት ከኋላ መጣ

ወሬው ቶሎ ተሰማ። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ስቲቨን ዶኔሊ የምክር ቤት ወንበራቸው የዊክሎው ነበርና ንቅናቄውን በይፋ ደገፉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የትምህርት ሚኒስትሯ ኖርማ ፎሊ ለመላው አገሪቱ መመሪያ አወጡ። መመሪያው ወላጅ ማኅበራት እንደ ግሬይስቶንስ ያለ የፈቃደኝነት ስምምነት እንዲያደርጉ የሚያበረታታና እንዴት እንደሚጀምሩ የሚያሳይ ነው። አንድ ሰፈር የጀመረውን አገር ተቀበለው። ደግ አደረጉ እላለሁ፤ በተለይ ወደ ግዴታ ባለመቀየራቸው። ግዴታ ቢሆን ኖሮ ቃሉ የወላጆች መሆኑ ይቀር ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የሆነው ግን ሌላ ነው። ጥቅምት 2024 የአየርላንድ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን ስልክ መቆለፊያ ከረጢት ለመግዛት 9 ሚሊዮን ዩሮ በጀት ያዘ። ተማሪው ጠዋት ስልኩን ከረጢቱ ውስጥ ይቆልፋል፣ ሲወጣ ይከፈትለታል። ብዙ ተቃውሞ ተነሣበት። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለሌላ የትምህርት ቤት ችግር አይሻልም ነበር ወይ ተባለ።

እኔ ስለ ገንዘቡ አልፈርድም። ከረጢቱ ግን የግሬይስቶንስን ሐሳብ የያዘ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ አንድ ጥናት በደንብ ያሳያል። የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 30 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን አጥንተው ውጤቱን በ2025 መጀመሪያ አሳተሙ። 1,227 ተማሪዎች ተካተዋል። ስልክ በሚከለክሉና በማይከለክሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች መካከል በአእምሮ ደኅንነት ልዩነት አላገኙም። በእንቅልፍም፣ በክፍል ውጤትም ልዩነት አልታየም። ይህን የሰሙ ብዙ ሰዎች «እንግዲያው ክልከላ አይጠቅምም» አሉ። ግን ሌላ ግማሽ አለው። በቀን ውስጥ ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉት ልጆች የባሰ ሁኔታ ላይ ነበሩ። የከለከሉት ትምህርት ቤቶች ይህን ጠቅላላ ጊዜ ብዙም አልቀነሱትም። ልጁ ትምህርት ቤት ያጣውን ጊዜ ማታ ቤቱ ያካክሰዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ማታ ቤት ውስጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ከረጢት ማታ የለም። የግሬይስቶንስ ቃል ግን ከመጀመሪያው ቤትን ጨምሯል። ጥናቱ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብለው ወላጆቹ በራሳቸው እዚያ ደርሰው ነበር።

የማይሸፍነው

ይህ ስምምነት ሁሉን ነገር አልፈታም። የሚናገረው ስለ ስማርት ስልክ ነው። ታብሌት አለ፣ ፕሌይስቴሽን አለ፣ ሳሎን ያለው ትልቁ ቴሌቪዥን ራሱ ዩቲዩብ ይከፍታል። ስልክ የሌለው ልጅ የእናቱን ታብሌት ይዞ ሦስት ሰዓት ሊቀመጥ ይችላል። ልዩነቱ ታብሌቱ ሳሎን ውስጥ፣ በሰው ዓይን ሥር መሆኑ ነው። ኪስ ውስጥ ገብቶ አልጋ ድረስ አይከተልም። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ ግን በቂ ነው ብዬም አልዋሽም።

ሁለተኛው ቀዳዳ 12 ዓመት ነው። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ስምምነቱ ያበቃል። አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ ጓደኛ፣ አዲስ ስልክ በአንድ መስከረም ይመጡበታል። በአየርላንድ ሕግ አንድ ልጅ ያለወላጅ ፈቃድ የግል መረጃውን ለኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት የሚችለው ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ነው። በ12 እና በ16 መካከል ያሉት አራት ዓመታት ማን ይይዛቸዋል? በእንግሊዟ ሴንት አልባንስ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን በ2024 ተመሳሳይ ጥሪ ሲያደርጉ መስመሩን 14 ዓመት ላይ ያደረጉት ይህን አስበው ይመስለኛል።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ። በ2017 ኦስቲን፣ ቴክሳስ የተጀመረ አንድ የወላጆች ቃል ኪዳን ልጆች ስምንተኛ ክፍል እስኪጨርሱ ስማርት ስልክ አንሰጥም ይላል። ቃሉ ግን ወዲያው አይጸናም። ከአንድ ክፍል ደረጃ ቢያንስ 10 ቤተሰብ ሲፈርም ነው የሚጸናው። ብቻህን አትታሰርም። አስር ሆናችሁ ትታሰራላችሁ። ከተማ ሙሉ ማስተባበር ለማይችል ሰው ይህ ቁጥር በጣም ተስፋ ሰጪ ነው።

እኛስ ደረጃችን ላይ?

የአዲስ አበባ ሁኔታ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። እዚህ ብዙ ልጅ የራሱ ስልክ የለውም። የሚይዘው የእናቱን ወይም የታላቅ እህቱን ነው። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤት የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልካል። ልጁ «የቤት ሥራ ልይ» ብሎ ስልኩን ይወስዳል፤ ከቴሌግራሙ ወደ ቲክቶክ አንድ ጣት ነው። ስለዚህ እዚህ የመጀመሪያው ስምምነት ስለ መግዛት ላይሆን ይችላል። የቤት ሥራው በደብተር ይጻፍልን ብሎ የመጠየቅ ሊሆን ይችላል። ለዚያ አዲስ ድርጅት አያስፈልግም። የወላጅ መምህር ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ። አጀንዳው ላይ መግባት ብቻ ነው የቀረው።

እኔና ጎረቤቴ ከዚያ የደረጃ ላይ ወሬ በኋላ ሌሎች ሁለት እናቶችን ጨመርን። አራት ቤት ሆንን። ልጅ ከቤት ርቆ ሲሄድ የሚይዘው አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ገዝተናል፣ ይደውላል፣ ይደወልለታል፣ ሌላ ነገር የለውም። ማን ይዞት እንደወጣ በቴሌግራም እንነጋገራለን። የኔ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን አኩርፎ ነበር። አሁን ማኩረፉን ትቶ ተራው መቼ እንደሆነ ይጠይቃል።

ግሬይስቶንስ ውስጥ ደግሞ ሥራው ገና አላለቀም። ስምምነቱ በተደረገበት የትምህርት ዓመት ጀማሪ ክፍል የነበሩ ሕፃናት አንደኛ ደረጃን የሚጨርሱት እ.ኤ.አ. በ2030 ነው፣ በእኛ ሰኔ 2022። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚህ ቃል ውስጥ የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ልጆች እነሱ ናቸው። እስከዚያ በየመስከረሙ አዲስ ወላጆች ይመጣሉ፤ በ2023ቱ ስብሰባ ላይ ያልነበሩ፣ ቃሉንም ያልገቡ። ለእነሱ ደግሞ እንደ አዲስ ከሀ ተጀምሮ ይነገራቸዋል።